ሰባት ሳምንት የቆምንበት ጥቅስ

እኔ መጽሐፍ ቅዱስ በማንበብ የታወቅሁ ሰው ነበርኩ። ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለመመጻደቅም ነው። ቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ መስከረም ላይ የንባብ ሠንጠረዥ ትሰጠን ነበር። በቀን ሦስት አራት ምዕራፍ እያነበቡ፣ ከምዕራፉ ጎን ባለችው ትንሽ ሳጥን ውስጥ ምልክት እያደረጉ፣ ጳጉሜን ላይ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር መጨረስ ነው። ብዙ ሰው ገና ኅዳር ሳይገባ ዘሌዋውያን ላይ ይቀራል። እኔ ሦስት ዓመት በተከታታይ ጨርሻለሁ፤ አንዱን ዓመት እንዲያውም ሚያዝያ ላይ ነው የጨረስኩት። በጥያቄና መልስ ውድድርም ጠያቂው አፉን ሳይዘጋ የኔ እጅ ወጥቷል። የይሁዳን ነገሥታት ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ እወርዳቸው ነበር። ምን እንደሠሩ ብትጠይቁኝ ግን ትንሽ አስብ ነበር።

የማነበው ታክሲ ውስጥ ነው። የካ አባዶ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ደርሶኝ ከገባሁ ወዲህ፣ መገናኛ ያለው መሥሪያ ቤቴ ለመድረስ አንድ ሰዓት፣ ዝናብ ከጣለ ደግሞ ሁለት ሰዓት ይፈጅብኝ ነበር። ጎረቤቶቼ መንገዱን ሲረግሙ እኔ ኢሳይያስን በሁለት ሳምንት ጨረስኩ። አንዳንዴ እንቅልፍ ይጥለኝና ጭንቅላቴ ከመስኮቱ ጋር ሲጋጭ እነቃለሁ፤ ሁለት ምዕራፍ አልፏል። "ዓይኔ አይቶታል" እልና ምልክት አደርጋለሁ። ጸሎቴም ያው ነበር፣ ከቤት እስከ ታክሲ ተራው ድረስ የሚያልቅ። እውነቱን ለመናገር፣ እግዚአብሔር ለኔ ከሠንጠረዡ ጀርባ የቆመ የሥራ አለቃ ነበር። አከብረዋለሁ፣ ሪፖርት አቀርብለታለሁ፤ ቁጭ ብለን አውርተን ግን አናውቅም።

ከብሎካችን ምድር ቤት የሚኖሩት ጋሼ ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት ሠላሳ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድተዋል። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ትልቅ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እሳቸውና ባለቤታቸው የብሎኩን አማኞች ቤታቸው ይሰበስቡ ጀመር። ብዙ ሰው አልነበርንም። ከነሱ ሌላ፣ ከኔ ፎቅ በላይ የምትኖር ፀጉር ሠሪና አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበሩ። የመጀመሪያው ቀን እኔ ደብተርና ሦስት ቀለም እስክሪብቶ ይዤ ወረድኩ።

"ጋሼ፣ በሳምንት ስንት ምዕራፍ ነው የያዙት?" አልኳቸው።

"ምዕራፍ? አንድ ቁጥር ነው እንጂ የኔ ልጅ።"

የቀለዱ መስሎኝ ሳቅሁ። አልቀለዱም። ሕጋቸው እንዲህ ነበር። አንዷን ቁጥር ሦስት ጊዜ ቀስ ተብሎ ጮክ ብሎ ይነበባል። ከዚያ ዝም ይባላል። ከዚያ ስለ እሷው ይጸለያል። ሳምንቱን ሁሉ እሷን ይዘን እንውላለን፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ እያንዳንዱ ጥቅሷ ምን እንዳደረገችው ይናገራል። የገባው፣ የኖረው ሰው "ተሳፍሬያለሁ" ይላል። አንድ ሰው እንኳ "ገና ነኝ" ካለ ሁላችንም እዚያው ቁጥር ላይ ሌላ ሳምንት እንቆያለን።

"አውቶቡስ ነድቼ የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ ፌርማታ ላይ ሰው ጥሎ መሄድ ነውር ነው" አሉ። "ተሳፋሪው ሁሉ ሳይገባ በር አይዘጋም።"

ማታ ቤቴ ገብቼ አሰላሁት። በዚህ አያያዝ መጽሐፍ ቅዱስን ለመጨረስ ስድስት መቶ ዓመት ግድም ያስፈልገናል። ለፀጉር ሠሪዋ ብነግራት "ታዲያ የት ልትሄጂ ነው?" አለችኝ።

ከተራራው ስብከት ጀመርን። የመጀመሪያው ቀን ዝምታ ሊገድለኝ ነበር። ሌሎቹ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ እኔ የመጋረጃውን ቀለበት እቆጥራለሁ። ተማሪው የዋሆች የሚለው ላይ ሁለት ሳምንት አስቆመን፤ ከክፍል ጓደኛው ጋር ተደባድቦ ነበርና "ጋሼ፣ ኦነስትሊ፣ ገና ነኝ" አለ። የምሕረቱ ላይ ደግሞ ፀጉር ሠሪዋ ቆመች። ከሷ ተምራ አጠገቧ የራሷን ቤት የከፈተች ልጅ ነበረች፤ በሦስተኛው ሳምንት ሄዳ የተረፋትን የፀጉር ማድረቂያ ካስክ ሰጥታት መጣች። እኔ በየሳምንቱ የመጀመሪያዋ ተሳፋሪ ነበርኩ። "ተሳፍሬያለሁ!" እላለሁ፣ ውድድሩ ላይ እጄን እንደማወጣው።

ከዚያ ያቺ ጥቅስ ደረሰች። መባውን ይዞ መሠዊያው ፊት የቆመ ሰው፣ ወንድሙ እንደተቀየመው ትዝ ካለው፣ መባውን እዚያው ትቶ መጀመሪያ ሄዶ ይታረቅ የምትለዋ። ሁለት ቁጥር ናት፤ ጋሼ ግን "እዚህ ሁለቱ አንድ ፌርማታ ናቸው" አሉ።

በሳምንቱ እንደ ልማዴ "ተሳፍሬያለሁ" አልኩ።

"ምን አለችሽ?" አሉ ጋሼ።

ስለ መሠዊያው አሠራር፣ ስለ መባው ዓይነት፣ ከገሊላ ኢየሩሳሌም ድረስ ስንት ቀን እንደሚያስኬድ አሥር ደቂቃ አብራራሁ። ተማሪው ማስታወሻ ያዘ። ጋሼ እስክጨርስ ጠበቁና ሳቅ አሉ። "አስተማርሽን፣ እግዜር ይስጥሽ። አልተሳፈርሽም ግን።"

 እውነት ነበር፤ ምክንያቱንም አውቀዋለሁ።

እኔ የፈረንሳይ ለጋሲዮን ልጅ ነኝ። ቤታችን ወደ እንጦጦ ሽቅብ በሚያወጣው ዳገት ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደወል በታች ነው። ቤተሰባችን ለትውልድ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ነው። አባታችን ቀድሞ ስለሞተ፣ እናታችንም ሕመምተኛ ስለነበረች፣ ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ናት። ፀጉሬን የሠራችኝ፣ ትምህርት ቤት ያስመዘገበችኝ፣ ስታመም ጀርባዋ ላይ አዝላ ጤና ጣቢያ የወረደች እሷ ናት። ኮሌጅ ስጨርስ እኔ ጴንጤ ሆንኩ። እሷ አለቀሰች፤ አላባረረችኝም ግን።

ዓመት ሳይሞላ እናታችን አረፈች። እህቴ ለአርባ ቀኗ ተዝካር ሁለት ሳምንት ደፋ ቀና አለች። ድንኳን ተጣለ፤ ካህናቱ መጡ፤ የዕድሩ ሰው፣ ጎረቤቱ፣ ከሱሉልታ የመጣ ዘመድ ሁሉ ተቀመጠ። እኔ ደግሞ አዲስ አማኝ፣ እሳት የላስኩ፣ መጽሐፍ ቅዱሴን በብብቴ ይዤ ድንኳኑ ጥግ ቆሜ ነበር። የበሉት ከመነሳታቸው በፊት ወደ መሃል ወጣሁ። ድግስ ለሞተ ሰው እንደማይረባ፣ እናቴን የሚያድናት የካህን ጸሎት እንዳልሆነ ጥቅስ በጥቅስ አስረዳሁ። ለሐዘንተኛ ሰበክሁ፣ በእናቴ ተዝካር ላይ! ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። አንድ ቄስ ቀስ ብለው መስቀላቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። ድንኳኑ ውስጥ የሚሰማው የሳህን ድምፅ ብቻ ነበር።

እህቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። "እናቴን ሁለተኛ ቀበርሽብኝ" አለችኝ። "ከእንግዲህ ደጄን እንዳትረግጪ።"

አልረገጥኩም። ስድስት ዓመት።

እነዚህን ስድስት ዓመታት እኔ ለወንጌል የተሰደድኩ ሰው ነኝ ብዬ ነበር የኖርኩት። ምስክርነት ስሰጥም አንድ ሁለቴ ተናግሬዋለሁ፤ ሰው "አሜን" ብሎልኛል። እህቴንም ከልቤ ይቅር ብያት ነበር። ደጋግሜ ይቅር ብያታለሁ። ስለዚህ ጋሼ ፊት ስቀመጥ "ይህ ጥቅስ እኔን አይመለከትም፤ ጨርሻለሁ" እል ነበር ለራሴ። ግን ጠዋት ቁጭ ብዬ ሦስት ጊዜ ላነባት ስል ሦስተኛው ላይ ሳልደርስ መጽሐፉን እዘጋለሁ።  ስድስት መቶ ዓመት ይፈጃል ብዬ የሳቅሁበት አውቶቡስ በኔ ምክንያት ቆመ።

ሁለተኛው ሳምንት፣ "ገና ነኝ።" ሦስተኛው፣ "ገና ነኝ።" አራተኛው ላይ ፀጉር ሠሪዋ "እስኪ ትንሽ ጠጋ ጠጋ በሉላት፣ ቦታ አጥታ እንዳይሆን" አለች። አምስተኛው ላይ ተማሪው "እኔ እኮ ዘንድሮ ተመራቂ ነኝ፣ ቀጣዩን ቁጥር ሳላይ ልወጣ ነው" ብሎ አሳቀን። እኔም ሳቅሁ፣ ውስጤ ግን ተናደደ። የጋሼ ባለቤት ምንም አይሉም ነበር፤ ሻይዬን ከሌሎቹ ቀድመው ይቀዱልኛል፤ እሱ ደግሞ ይብስብኛል። ጋሼም ከማን ጋር እንደተጣላሁ፣ በምን እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቁኝም። "ችግር የለም፣ ሞተሩን አጥፍተን እንጠብቃለን" ብቻ ይላሉ።

ስድስተኛው ሳምንት ላይ ከመሥሪያ ቤት የአንድ ቀን ፈቃድ ወሰድኩና ጫካ ወጣሁ። እኛ ጴንጤዎች ሲጨንቀን እንጦጦ ጫካ ነው የምንወጣው፤ ሁሉም የየራሱ ባሕር ዛፍ አለው። አንዱ እየተንጎራደደ ይጮኻል፣ አንዷ ነጠላዋን ተከናንባ ትንሰቀሰቃለች፣ አንዱ ደግሞ ጋደም ብሎ ያንኮራፋል። እኔ ሰው ከማይበዛበት ጥግ አንድ ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። ጸሎቴ ግልጽ ነበር። "ጌታ ሆይ፣ ሌላ ጥቅስ ስጠኝ። ሌላ የፈለግከውን። ጾም ከሆነ እጾማለሁ።" ብዬ ቀና ስል፣ በግንዶቹ መካከል ቁልቁል የፈረንሳይ ቤቶች ይታያሉ። ከነዚያ ሁሉ ቆርቆሮዎች መካከል ነፋስ እንዳይወስደው ሁለት አሮጌ ጎማ የተጫነበት አለ። ጎማዎቹን የጫንናቸው እኔና እህቴ ነን፤ እሷ መሰላሉ ላይ፣ እኔ ከታች እየገፋሁ።

"ይሄ እኮ አድማ ነው" አልኩት እግዚአብሔርን፣ ጮክ ብዬ። ጎኔ ያለችው ሴት "አሜን!" አለችኝ። ተነስቼ በሌላው በኩል ወረድኩ፤ በፈረንሳይ በኩል ለማለፍ ድፍረት አልነበረኝም።

ነገሩ የተገለበጠው ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ነው። የካ አባዶ ታክሲ የለም፤ ሰልፉ እስከ ሱቆቹ ጀርባ ተጠማዟል። ጥቅሷን በትንሽ ወረቀት ጽፌ እይዛት ነበርና አውጥቼ አነበብኳት። ምልክት የማደርግባት ሳጥን የላትም፣ ቀጣይ ምዕራፍ የለም፣ የትም የምሮጥበት የለም። ሰልፉ አንድ እርምጃ ሲሄድ አንዴ አነባለሁ። ስንተኛው ላይ እንደሆነ አላውቅም፣ ሰውዬው መሠዊያው ፊት ቆሞ ምን ትዝ እንዳለው አየሁ። የበደሉት ሰዎች አይደሉም ትዝ ያሉት። እሱ ራሱ የበደለው ሰው ነው። ተቀያሚው ሌላው ነው፤ መሄድ ያለበት ግን መባውን የያዘው ነው። እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ ራሴን የተበደለው ወንድም ቦታ አስቀምጬ፣ ከዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ይቅርታ ስመጸውት ኖሬያለሁ። የነገሥታቱን ስም ወደ ኋላ የምወርድ ሴትዮ፣ ሁለት መስመር አማርኛ ቀጥ አድርጌ አላነበብኩም።

ማንም አልገሠጸኝም። ይህን እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ። የሥራ አለቃ አልነበረም ያኔ ያናገረኝ። ሰባት ሳምንት አጠገቤ ቁጭ ብሎ እስካየው የጠበቀኝ ነው የመሰለኝ፤ በጣም ቅርብ ነበር። እንባዬ መጣ። ከኋላዬ ያለው ሰውዬ "እህት፣ ሰልፉ ሄዷል እኮ" አለኝ። ከሰልፉ ወጣሁ። ለአለቃዬ ደውዬ አሞኛል አልኩ፤ ያው ውሸት ነው፣ እሱን ደግሞ በሌላ ቀን ተናዘዝኩት።

በእግሬ ወደ ዋናው መንገድ ወጥቼ ባገኘሁት አውቶቡስ መገናኛ፣ ከመገናኛ አራት ኪሎ፣ ከአራት ኪሎ ፈረንሳይ። መንገዱን ሁሉ የምናገረውን ስለማመድ ነበር፤ ሦስት ጥቅስ መርጬ በቅደም ተከተል ደርድሬያለሁ። የግቢው በር እንደ ድሮው ገርበብ ብሏል። እህቴ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ ፀሐይ ላይ በርበሬ ትቀነጥሳለች። ፀጉሯ ሸብቷል። ቀና ብላ አየችኝና እጇ ቆመ።

"ማን ሞተ?" አለች።

"ማንም አልሞተም፣ እትዬ።"

"ታዲያ ምን አመጣሽ?"

እጄ ቀጥታ ቦርሳዬ ውስጥ ገባ፤ መጽሐፍ ቅዱሴን ሳወጣ አየችኝ። "እሱን መልሺው" አለች። "ያኔም እሱን ይዘሽ ነው የተናገርሽው። የምትናገሪው ካለሽ ባዶ እጅሽን ተናገሪ።"

መለስኩት። ባዶ እጄን ቆምኩ። ከደረደርኳቸው ጥቅሶች አንድም አልቀረልኝም፤ የበርበሬው ብናኝ ግን አፍንጫዬ ገብቶ አስነጠሰኝ።

"እትዬ፣ በእናታችን ቀን..." አልኩና አስነጠስኩ። "አዋረድኩሽ። ሁለት ሳምንት ሳትተኚ ያዘጋጀሽውን..." ደግሜ አስነጠስኩ። "ልክ ነኝ ብዬ ነው። ያንቺ እናት ሞታ እንደነበር እንኳ አላሰብኩም። የኔ ብቻ የሞተች ነበር የመሰለኝ። አጥፍቻለሁ።"

ዓይኔም አፍንጫዬም ይፈሳል፤ ለቅሶው የቱ፣ በርበሬው የቱ እንደሆነ እኔም አላውቅም። እህቴ አየችኝ። ሳትስቅ የቀረችው በትግል ነበር።

"ከነፋሱ ፊት ዞር በይ" አለች።

ዞር አልኩ። በርጩማ በእግሯ ገፋችልኝ፤ ተቀመጥኩ። ዓይኗን ከሰፌዱ ሳታነሳ መናገር ጀመረች።

"ጴንጤ የተዝካር አይበላም አሉኝ ያኔ። እኔ ምን አውቃለሁ? አሰብኩና፣ ካህናቱ ሳይመጡ ገና ማለዳ ለብቻሽ ሽሮ ሠራሁ። ጸሎት ሳይደረግበት፣ ከድግሱ ሳይቀላቀል። አንቺ የምትወጃትን፣ ወፈር ያለችዋን። ጓዳ፣ ከእንስራው ጀርባ ክድን አድርጌ ደበቅሁልሽ፤ ሰው ሲወጣ ጠርቼ ላበላሽ።"

እኔ ወደ ጓዳው በር ዞርኩ።

"አንቺ ከሄድሽ በኋላ ትዝ አለችኝ፣ ድስቷ" አለች። "በሦስተኛው ቀን ደፋኋት።"

የሰው ልጅ እንዴት እንደሚያፍር የዚያን ቀን ነው ያወቅሁት። ድንኳኑ መሃል ቆሜ ስለ እውነት ስጮኽ፣ እውነቱ ጓዳ ውስጥ ተከድኖ ይጠብቀኝ ነበር። እምነቷን ሳትለቅ፣ እምነቴን ሳትቀበል፣ ለሁለቱም ቦታ አግኝታለች። ስለ ተዝካር ያለኝ ሐሳብ ዛሬም አልተለወጠም፤ የሷም አልተለወጠም። እግሯ ላይ ወደቅሁ። ትከሻዬን ይዛ አነሳችኝ፣ ጠንከር አድርጋ፣ ልጅ ሆኜ ስወድቅ እንደምታነሳኝ።

"ዛሬውኑ ይቅር ብዬሻለሁ ብልሽ ውሸት ነው" አለች። "ስድስት ዓመት ነው፤ ልቤ ገና ነው። ግን ምሳ ሳትበዪ አትሄጂም።"

ገብታ የቤቱን ሽሮ አሞቀች። ገበታው ቀረበ፤ ከሷ ጸሎት በኋላ ልብላ ብዬ እጄን ሰብስቤ ጠበቅሁ። እሷ ደግሞ እኔን ትጠብቃለች።

"በይ ጸልዪ" አለችኝ። "የእናንተን አውቀዋለሁ፣ ወጡ ይቀዘቅዛል። አሳጥሪው።"

ዓይኔን ጨፈንኩ። በሕይወቴ የማውቀው ቃል ሁሉ የት እንደሄደ እንጃ። "ጌታ ሆይ፣ ስለጠበቅኸኝ" አልኩ፣ ከዚያ ወዲያ አልቻልኩም። እህቴ ትንሽ ጠበቀች፤ እንደማልቀጥል ሲገባት "አሜን" አለችና እንጀራውን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።